ጥሩ አቋም ምን ይሰጠናል? ስለ ሰውነት አያያዝ፣ ጤናና ብቃት የተደረገ ዳሰሳ

«ቀጥ በል!»፣ «አትጉበጪ!»፣ «ደረትህን ንፋ!» እያሉ እናት በቤት፣ የስፖርት መምህር በትምህርት ቤት፣ አሠልጣኝ በጦር ካምፕ ሲያዙን አድገናል። ዛሬ ትእዛዙን ነጋዴውም ተረክቦታል። ትከሻን ወደ ኋላ የሚጎትት ቀበቶ፣ «ጀርባ የሚያቃና» ወንበር፣ ሰው ሲጎብጥ የሚነዝር መሣሪያ በየስልካችን ይተዋወቃል። የሁሉም መነሻ እምነት አንድ ነው፤ ቀጥ ያለ ሰው ጤነኛ ነው፣ የጎበጠ ሰው ይታመማል።

እምነቱ እውነት ቢሆን ትልቅ መድኃኒት በነጻ አግኝተናል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 የወገብ ሕመም ያለበት ሰው 619 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ በ2050 ደግሞ 843 ሚሊዮን እንደሚሆን ይገመታል። በዓለም ላይ ሰውን ከሥራና ከኑሮ በማሰናከል ቀዳሚው ሕመም ይኸው ነው። እኛም ከዚህ ውጭ አይደለንም። በጎንደርና በመቀሌ መምህራን ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የወገብ፣ የአንገት ወይም የትከሻ ሕመም እንዳለባቸው ተናግረዋል። እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች የምንሰጠው ምክር በማስረጃ የቆመ ሊሆን ይገባል።

ማስረጃው ወደ አንድ ድምዳሜ ይመራል። ጥሩ አቋም ጥቅም አለው፤ ጥቅሙ ያለው ግን ብዙ ጊዜ በሚነገርለት ቦታ አይደለም። አንድ «ትክክለኛ» የተባለ ቅርጽ ይዞ መቆየት ከሕመም እንደሚያድን የሚያሳየው ማስረጃ ደካማ ነው። ለመተንፈስ፣ ለእርጅና፣ ለስፖርትና ለከባድ ሥራ የሚጠቅመው አቋም ከጠንካራ ጡንቻ፣ ከዘወትር እንቅስቃሴና ከተመጠነ ሸክም የሚመጣ ነው።

አከርካሪ በተፈጥሮው ቀጥ ያለ አይደለም

ሰው በሁለት እግሩ ቆሞ ስለመሄዱ ከሚመሰክሩት ታላላቅ ማስረጃዎች አንዷ ከአገራችን ምድር የወጣችው ድንቅነሽ ናት። በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችውና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ይህች ፍጡር ቆማ ትሄድ እንደነበር የዳሌዋና የእግሮቿ አጥንቶች ያሳያሉ። በ2000 በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን በዲኪካ ያገኛት ሕፃኗ ሰላም ደግሞ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ናት። በ2017 የታተመው ጥናት እንደሚለው ሰላም ልክ እንደ እኛ 12 የደረት አከርካሪ አጥንቶች ነበሯት። በድንቅነሽ የደረት አከርካሪ ላይም ተመራማሪዎች የበሽታ ምልክት አግኝተዋል። ከዚህ እንደምንረዳው የጀርባ ችግር ከወንበርና ከስልክ በፊትም ነበረ።

የአዋቂ ሰው አከርካሪ 24 ተንቀሳቃሽ አጥንቶች አሉት፤ 7 በአንገት፣ 12 በደረት፣ 5 በወገብ። ሕፃን ሲወለድ አከርካሪው ወደ ፊት እንደታጠፈ አንድ ቅስት ነው። ጭንቅላቱን ቀና ማድረግ ሲጀምር የአንገቱ፣ ተቀምጦ ቆሞ ሲሄድ ደግሞ የወገቡ ተቃራኒ ቅስት እየጎላ ይመጣል። ጤነኛ አከርካሪ ከጎን ሲታይ በአንገትና በወገብ ወደ ውስጥ፣ በደረት ወደ ውጭ ይታጠፋል። የቅስቱ መጠን ደግሞ እንደ መልክ ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ መስመር መፈለግ ከመነሻው የሰውነትን ተፈጥሮ መዘንጋት ነው።

በአጥንቶቹ መካከል ያሉት ዲስኮችም የሚኖሩበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባዋል። የአዋቂ ሰው ዲስክ መካከሉ የደም ሥር የለውም። ውኃና ምግቡን የሚያገኘው እንደ ስፖንጅ በመጨመቅና በመለቀቅ ነው። ቀን በጭነት ውኃው ይቀንሳል፣ ሌሊት ተኝተን ይሞላል። ጠዋት ስንነሣ ከማታው በአንድ ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ረዘም የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። ዲስክ ሳይንቀሳቀስ በአንድ ሁኔታ ሲቆይ ይህ ልውውጥ ይዳከማል፤ ሁኔታው «ቀጥ ያለ» ቢሆንም እንኳ።

«አንድ ትክክለኛ አቋም» የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ?

ቀጥ ማለትን የጤና መለኪያ ያደረገው ዘመናዊ ዘመቻ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ገነነ። የስፖርት ትምህርት ባለሙያዋ ጄሲ ባንክሮፍት በ1914 የአሜሪካ የአቋም ሊግን መሠረተች። ብዙም ሳይቆይ በ1917 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ተማሪዎች ተመርምረው ከመቶ 80 ያህሉ «መጥፎ አቋም» አላቸው ተባለ። ተማሪዎቹ ወጣትና ጤነኛ ነበሩ። ከአምስት ጤነኛ ሰው አራቱን የሚጥል መለኪያ መጀመሪያ ራሱ መመርመር ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ትምህርት ቤቶችና ኩባንያዎች መለኪያውን ተቀብለው አስፋፉት። በአሜሪካ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪን ራቁቱን አቁሞ ለአቋም ምርመራ ፎቶ ማንሣት እስከ 1960ዎቹ ዘልቋል፤ ነገሩ በ1995 በጋዜጣ ሲወጣ ከፍተኛ ቁጣ ቀሰቀሰ። የታሪክ ምሁሯ ቤዝ ሊንከር በ2024 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ሁሉ በሰፊው ተርካዋለች። ታሪኩ የሚያስገነዝበን ቁም ነገር፣ ቀጥ ያለ ሰውን የማድነቅ ልማድ ማስረጃ ሳይኖር የሕክምና ልብስ መልበሱን ነው።

ሕመምና አቋም

በሳይንሱ ረገድ ከፍተኛ ተጽዕኖ ያሳደረው ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናኬምሰን ነው። በ1960ዎቹ በሕያው ሰው ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብቶ ግፊቱን ለካ፤ ያለ መደገፊያ መቀመጥ ከመቆም የበለጠ ዲስክን እንደሚጫን አስታወቀ። «መቀመጥ ለወገብ ጠንቅ ነው» የሚለው ትምህርት ከዚያ ተስፋፋ። በ1999 ግን በጀርመን የኡልም ተመራማሪዎች በተሻለ መሣሪያ በአንድ ፈቃደኛ ሰው ላይ ሲለኩ ውጤቱ ተለየ። ዘና ብሎ መቆም 0.5 ሜጋፓስካል ሲሆን ያለ መደገፊያ መቀመጥ 0.46 ብቻ ሆነ። 20 ኪሎ ዕቃ ጀርባን አጉብጦ ማንሣት ግፊቱን ወደ 2.3 አደረሰው፤ ጉልበትን አጥፎ ማንሣት 1.7፣ ዕቃውን ወደ ሰውነት አስጠግቶ መያዝ ደግሞ 1.1 ሆነ። የተለካው አንድ ሰው በመሆኑ ቁጥሮቹ ለሁሉም አይሠሩም። ነገር ግን ዋናው ጫና የሚመጣው ከሸክሙ ክብደትና ከሰውነት ካለው ርቀት መሆኑን በግልጽ ያሳያሉ።

ስልክ ላይ ማቀርቀርን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የ2014ቱ የኬኔት ሃንስራጅ ስሌት ነው። ቀና ሲል 5 ኪሎ ገደማ የሆነው የጭንቅላት ጫና በ60 ዲግሪ ሲያቀረቅር ወደ 27 ኪሎ እንደሚደርስ ይናገራል። ቁጥሩ በኮምፒውተር ሞዴል የተሰላ ነው፤ ስለ ጫና እንጂ ስለ ሕመም አይናገርም። ሕመምን የተከታተሉት ጥናቶች ሌላ ነገር አግኝተዋል። በምዕራብ አውስትራሊያ በ1,108 የ17 ዓመት ልጆች ላይ የተደረገው ጥናት በአቀማመጥ ቅርጽና በአንገት ሕመም ወይም በራስ ምታት መካከል ግንኙነት አላገኘም። ልጆቹ 22 ዓመት ሲሞላቸው እንደገና ሲታዩ ደግሞ፣ በ17 ዓመታቸው ጎበጥ ብለው ይቀመጡ ከነበሩት ሴቶች መካከል የአንገት ሕመም የገጠማቸው ቀጥ ብለው ይቀመጡ ከነበሩት ያነሱ ነበሩ። ይህ ማለት መጉበጥ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። አንገት የሚታመመው በእንቅልፍ ማጣት፣ በጭንቀት፣ በእንቅስቃሴ ማነስና በአንድ ሁኔታ ለረጅም ሰዓት በመቆየት ጭምር መሆኑን ያሳየናል።

ስለ መከላከል የተሰበሰበው ማስረጃ ይበልጥ ግልጽ ነው። በ2016 የታተመ አንድ ጥቅል ትንተና ከ30,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 21 የሕክምና ሙከራዎች አጣምሮ መረመረ። የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ብቻውን የወገብ ሕመም የመያዝ ዕድልን በ35 በመቶ፣ ከትምህርት ጋር ሲጣመር በ45 በመቶ ቀንሷል። የወገብ ቀበቶና በጫማ ውስጥ የሚገባ መደገፊያ ግን ለመከላከል መጥቀማቸው አልታየም። ለቀበቶ የሚወጣውን ገንዘብ ወደ ጡንቻ ማጠንከሪያ ማዞር ያዋጣል ማለት ነው።

ጥቅሙ በግልጽ የሚታይበት

አቋም ከሕመም ጋር ያለው ዝምድና የላላ ቢሆንም በሌሎች የሰውነት ሥራዎች ላይ ያለው ተጽዕኖ የሚካድ አይደለም። የመጀመሪያው መተንፈስ ነው። ተቀምጠን ወደ ፊት ስንሰበር የጎድን አጥንቶች ይጠባሉ፣ ድያፍራም የሚወርድበት ቦታ ያንሳል። በ2006 በ70 ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ የተደረገ ጥናት ጎብጦ መቀመጥ የሳንባን አቅምና የሚወጣውን አየር ፍጥነት እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ለጤነኛ ሰው ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ለዘማሪ፣ ለድምፃዊ፣ ለዋሽንት ነፊ፣ አስም ላለበት ሰው ግን ትርጉም አለው።

ሁለተኛው ሆድ ነው። ቃር የሚያስቸግረው ሰው የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረጉና በግራ ጎኑ መተኛቱ አሲዱ ወደ ጉሮሮ እንዳይወጣ ይረዳል። በሰገራ ጊዜም ቁጢጥ ማለት የፊንጢጣን መታጠፊያ ያቃናል። በ2003 የታተመ የእስራኤል ጥናት 28 ሰዎችን አነጻጽሮ፣ ቁጢጥ ሲሉ በአማካይ 51 ሰከንድ የፈጀባቸው ጉዳይ በተለመደው የመቀመጫ ሽንት ቤት 130 ሰከንድ እንደፈጀ አሳይቷል። በአገር ቤት ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳትን የለመደ ሰው በውጭ አገር የመቀመጫ ሽንት ቤት ቢቸገር እግሩን በአጭር በርጩማ ላይ ማሳረፍ ይረዳዋል።

ሦስተኛው ስሜት ነው። በ2010 የወጣ ጥናት ደረትን ነፍቶ መቆም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሆርሞንን ይቀይራል ብሎ ዓለምን አነጋግሮ ነበር። በ2015 በ200 ሰዎች ላይ ሲደገም የሆርሞኑ ውጤት አልተገኘም፤ ከጥናቱ ባለቤቶች አንዷ ዳና ካርኒም በ2016 ውጤቱን እንደማታምንበት በይፋ ተናገረች። ከጥናቶቹ ድምር የተረፈው፣ ቀና ያለ ሰው ለጊዜው ስለ ራሱ የተሻለ ስሜት እንደሚሰማው የሚገልጸው ነው። ይህም ቢሆን ዋጋ አለው፤ ለድብርት ሕክምና ግን ምትክ አይሆንም።

አራተኛውና ከሁሉም የሚከብደው እርጅና ነው። በ2004 በካሊፎርኒያ 1,353 አዛውንቶችን የተከታተለ ጥናት፣ የላይኛው ጀርባቸው ከመጠን በላይ የጎበጠ ሰዎች የመሞት ዕድላቸው የሌሎቹን 1.44 እጥፍ መሆኑን አገኘ። ጉብጠት በራሱ ገዳይ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከአጥንት መሳሳት፣ ከጡንቻ መድከምና ከመተንፈስ ችግር ጋር አብሮ ይመጣልና ምልክቱ ሊናቅ አይገባም። ጀርባው የጎበጠ አዛውንት የሰውነቱ ሚዛን ወደ ፊት ያደላል፣ እርምጃው ያጥራል፣ ይወድቃል፤ የዳሌ ስብራት ደግሞ ብዙ ሽማግሌዎችን ከቤት አስቀርቷል። የጀርባ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይህን ሁኔታ ሊያሻሽል ይችላል። ለአባትና ለእናት «ቀጥ በሉ» ከማለት ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ ተነሥቶ መቀመጥን በየቀኑ አብሮ መለማመድ የበለጠ ያግዛቸዋል።

በስፖርት ሜዳ

አቋም ለብቃት የሚሰጠውን ስናይ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ግራ እጅ ጥሩ አስተማሪ ነው። በአርሲ ያደገው ኃይሌ ወደ ትምህርት ቤት የ10 ኪሎ ሜትር መንገድ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ይሮጥ ነበርና፣ ዕድሜ ልኩን ግራ ክንዱን ወደ ሰውነቱ አጥፎ ሮጧል። በመማሪያ መጽሐፍ መለኪያ የተዛባ አሯሯጥ ነው። ነገር ግን 27 የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮበታል፣ በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ጨርሶበታል። አካሉ ለዓመታት ቀስ በቀስ የለመደው አቋም ለእርሱ ትክክለኛው አቋም ሆነለት።

ይህ ማለት ቴክኒክ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በጂም ከባድ ብረት የሚያነሣ ሰው አከርካሪውን ከጫናው በታች ሳያወላግድ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ፣ ከዳሌና ከጉልበት ኃይል አመንጭቶ ሲያነሣ ብዙ ክብደት ይችላል። ሯጭም ደክሞት ወገቡ ሲሰበር እርምጃው ያጥራል፣ ትንፋሹ ይጠባል። በሁለቱም ግን አቋሙን የሚይዘው የሠለጠነ ጡንቻ ነው። አእምሮ ደረትን ንፋ ብሎ ቢያዝ ትእዛዙ የሚቆየው ሐሳብ እስኪበተን ነው፤ የመቀመጫ፣ የሆድና የጀርባ ጡንቻ ከጠነከረ ግን ሰውነቱ ሳይታዘዝ ይይዘዋል።

የእኛ ሥራና የእኛ ሸክም

ስለ አቋም የሚጻፈው አብዛኛው ምክር ለቢሮ ሠራተኛ ነው። በአገራችን ግን ወገቡ የሚጎዳው በአብዛኛው ሌላ ሰው ነው፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት፣ በጀርባዋ ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ ልጅ፣ ሙሉ ቀን አጎንብሶ ጤፍ የሚያጭድ ገበሬ፣ በሽሮ ሜዳ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ የሚሸምን ሸማኔ። ምርምሩም እነርሱን የሚመለከት ነገር አለው። ከ25 ኪሎ በላይ ማንሣትና በቀን ከ25 ጊዜ በላይ ማንሣት የወገብ ሕመምን ከፍ እንደሚያደርጉ ታይቷል። በአንጻሩ በ1986 የታተመ ጥናት የኬንያ የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች እስከ ሰውነታቸው ክብደት 20 በመቶ የሚደርስ ሸክም ያለ ተጨማሪ ጉልበት እንደሚሸከሙ አግኝቷል፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ድካሙ ከሸክሙ ጋር ይጨምራል። የአሸካከም ጥበብ እስከ አንድ ገደብ ያግዛል። ከገደቡ በላይ ለምትሸከም ሴት «ጀርባሽን አቃኚ» ማለት የሸክሙን ጥፋት በእርሷ ላይ መጣል ነው። የሚያስፈልጋት ቀረብ ያለ ውኃ፣ አህያ ወይም ጋሪ፣ ሌላ ማገዶ ነው።

ወንበር ላይ ለሚውለውም፣ ለታክሲና ለባጃጅ ሾፌሩም፣ በባሕረ ሰላጤ አገሮች በጥበቃ ላይ ለሚያድረውም ጠላቱ የቅርጹ ሳይሆን የመቆየቱ ነገር ነው። በ1953 ጄሪ ሞሪስ በለንደን አውቶቡሶች ላይ ባደረገው ዝነኛ ጥናት ተቀምጠው የሚውሉት ሾፌሮች ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ በሽታ ይጠቁ ነበር። በ2016 ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መረጃ ያጣመረ ጥናት ደግሞ፣ በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ መቀመጥ የሚያመጣውን የሞት አደጋ እንደሚሽር አመልክቷል።

በዚህ ረገድ ባህላችን የራሱ ጥበብ አለው። በቤተ ክርስቲያን ለሰዓታት የሚቆም ምእመን በመቋሚያው ተደግፎ ክብደቱን ከእግር ወደ እግር ያዛውራል፣ ይሰግዳል፣ ይነሣል። ሙስሊሙ በቀን አምስት ጊዜ በሶላት ይቆማል፣ ያጎነብሳል፣ በግንባሩ ይሰግዳል፣ ይቀመጣል። እስክስታም ትከሻና ደረትን ያፍታታል። እነዚህ ለሌላ ዓላማ የተደረጉ ናቸው፤ ለሰውነት ግን አቋምን የመለዋወጥ ልምድ ናቸው። ቢሮና ስልክ ልምዱን ሲወስዱብን ሌላ መተኪያ ያስፈልገናል።

ጉብጠቱ በሽታ ሲሆን

አንዳንድ ጉብጠት በምክርም በእንቅስቃሴም አይቃናም። በ1779 እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት የገለጸው የአከርካሪ ቲቢ አጥንትን በልቶ ጀርባን ይሰብራል፤ ቲቢ በበዛበት አገራችን ሕፃናትን ጭምር ይይዛል። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይታከማል። በታዳጊዎች ላይ አከርካሪ ወደ ጎን የሚጣመምበት ስኮሊዮሲስም አለ። በ2013 የታተመ የአሜሪካ ሙከራ ደጋፊ ቀበቶ ካደረጉት 72 በመቶው ከቀዶ ሕክምና ደረጃ መዳናቸውን፣ ካላደረጉት ግን 48 በመቶው ብቻ መዳናቸውን አሳይቷል። ይህ ቀበቶ በሐኪም ትእዛዝ በልክ የሚሠራ ነው፤ በገበያ ከሚሸጠው የተለየ ነው። በአዲስ አበባ ለዓመታት የሠራው አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ አከርካሪያቸው የከፋ መጣመም የደረሰባቸውን ብዙ ልጆች ለቀዶ ሕክምና ወደ ጋና ልኳል። ብዙዎቹ ሕክምና ሳያገኙ ዓመታት ያለፉባቸው ነበሩ።

ስለዚህ የልጅ ጀርባ በአንድ ነጥብ ሹል ብሎ ሲወጣ፣ ሲያጎነብስ አንዱ ጎኑ ከፍ ሲል፣ የጀርባ ሕመም ከትኩሳትና ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ፣ እግር ሲደነዝዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ሲያቅት ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ወጌሻ በስብራትና በውልቃት ብዙ ሰው ረድቷል፤ ቲቢ ወይም የአጥንት መሳሳት ያለበትን አከርካሪ መጫንና ማጣመም ግን ለሽባነት ሊዳርግ ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከማስረጃው የሚወጣው ምክር አጭር ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተን አቋም እንቀይር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ እንሥራ፤ ዕድሜያችን 65 ካለፈ በሳምንት ሦስት ቀን የሚዛን ልምምድ እንጨምር። ከባድ ዕቃ ስናነሣ ወደ ሰውነታችን እናስጠጋው፣ ከቻልንም ለሁለት እንከፋፍለው። ሰውነት ለአዲስ ሥራ የሚዘጋጅበት ጊዜ ይፈልጋልና ክብደቱን ቀስ በቀስ እንጨምር። ወገባችንን ሲያመን ደግሞ ከአልጋ አንዋል፤ የአደጋ ምልክት ከሌለ እየቻልን እንንቀሳቀስ።

ይህ ሁሉ በግለሰቡ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ሠራተኛውን ለስምንት ሰዓት ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ አሠሪ የመነሻ ጊዜ ሊሰጠው፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜን ለሌላ ትምህርት የሚሸራርፍ ትምህርት ቤት ሊመልሰው፣ መንግሥት የውኃ ቦኖን ወደ መንደር ሊያቀርብና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን በየሆስፒታሉ ሊያበዛ ይገባል። የአንድ ሕዝብ ጀርባ የሚጠነክረው ሰው የሚንቀሳቀስበት ጊዜ፣ የሚሸከመው ልክና ሲታመም የሚደርስለት ሕክምና ሲኖረው ነው።